መቶ ሰማንያ አራት ባይት

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ተመልከቱ። ከትምህርት ቤት ደብተር መሃል የተገነጠለ ባለመስመር ቅጠል ነው። አራት ጥጉ በፕላስተር ተይዟል፤ አንደኛው ጥግ እየተላጠ ደጋግሞ ስለተለጠፈ ፕላስተሩ ተደራርቦ ወፍሯል። በግራ በኩል የእትም ቁጥር አለ፣ በቀኝ በኩል የባይት ብዛት። ሃያ መስመር ነው። የላይኞቹ ዐሥሩ ወደ ቀኝ ዘንበል ባለ፣ በሚቸኩል የወንድ እጅ ተጽፈዋል። ከዐሥራ አንደኛው ጀምሮ ጽሕፈቱ ክብ ክብ ያለ፣ ጥቁር ሰሌዳ የለመደ የመምህር እጅ ይሆናል። በሁለቱ እጆች መካከል የተዘለለ መስመር የለም፤ እትሙ በወሩ መጥቶ ቁጥሩ በቦታው ተጽፏል። አንድ ሰው የሞተው ግን እዚያ ጋ ነው።

ወረቀቱ ያለው ከዋና ከተማው ከዱሻንቤ ርቆ፣ በተራሮች መሃል ባለው ኾሮግ ከተማ፣ ጉንት ወንዝ ዳር፣ ድሮ የእንስሳት ክሊኒክ በነበረ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሏ ሁለት ጠረጴዛ አላት፤ የምትሠራባት አንዲት ሴት ናት። ስሟ ማምላካት ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሒሳብ ስላስተማረችው የከተማው ሰው ዛሬም ሙዓሊማ ይላታል፤ ገበያ ውስጥ የደረቀ አፕሪኮት የሚመዝንላት ጢማም ሰውዬ እንኳ ሚዛኑን ደጋግሞ ያያል፣ ክፍልፋይ ላይ ወድቆባት ስለነበረ።

ሥራዋ ይኸውላችሁ። ከከተማው በላይ ባሉት ሸለቆዎች፣ በየመንደሩ አናት፣ ጅረቱ ከገደሉ በሚወጣበት ቦታ፣ በብረት ምሰሶ ላይ የቆመ ሳጥን አለ። ፀሐይ ስትበረታ ከላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል፣ የታቆረው ውኃ ይፈነዳል፣ ድንጋይና ጭቃ ተሸክሞ ይወርዳል። ሳጥኑ የጅረቱን ከፍታ ይለካል። ውኃው ማበጥ ሲጀምር «ተዘጋጁ» የሚለውን የተቆራረጠ ድምፅ ያሰማል። ጭቃው ሲነሣ «ውጡ» የሚለውን ረዥሙን ይጮኻል። ሲያልፍ ደግሞ «አበቃ» የሚል ሦስተኛ ድምፅ አለው። ሳጥኑ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማምላካት በምትጽፈው ፕሮግራም ነው።

ሳጥኖቹ ሠላሳ አንድ ናቸው። ሃያ ስምንቱ አዳዲስ፣ ሦስቱ አሮጌ። የአዲሶቹ ሳጥኖች ገንዘብ ያለቀው ከሸለቆው አናት ሦስት መንደር ሲቀረው ነው፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሁልጊዜ የሚያልቀው መንገዱ ሲከፋ ነው፣ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። አሮጌው ሳጥን ለፕሮግራም ያለው ቦታ 196,608 ባይት ነው፤ ባይት ማለት የአንድ ፊደል ቦታ ነው። አንድ ባይት አይጨመርበትም። አይለጠጥም።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ለምን እንደተለጠፈ። ማምላካት የምትጽፈውን ሰው ያነበዋል፤ ሳጥኑ ግን አያነበውም። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱን የሚሠሩት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በዓመት ሁለቴ አዲስ እትም ያወጣሉ። እሷ አንዲት ፊደል ሳትነካ፣ የትናንቱ ያው ጽሑፍ በአዲሱ እትም ሲያልፍ ወፍሮ ይወጣል። አንዴ መቶ ባይት፣ አንዴ አምስት መቶ። ከሃያኛው መስመር በፊት የከሳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያ የሚቸኩለው እጅ ቁጥሩን አክብቦ «እሰይ» ብሎበታል።

የእጁ ባለቤት ቂማትሾ ይባላል። በወጣትነቱ የሬዲዮ መሐንዲስ ነበር፤ ምሰሶዎቹን በየመንደሩ እየዞረ ያቆመው እሱ ነው። ማምላካትን ከትምህርት ቤት ያወጣትም እሱ ነው። ሽፋኑ ከተገነጠለ የሩስያ መጽሐፍ ፕሮግራም መጻፍ ብቻዋን ስትማር ሰምቶ መጣና፣ የጻፈችውን አንድ ገጽ አይቶ ሦስት ስህተት አወጣላት፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ግቢ አላት። ዐሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠሩ። ጓደኛ ነበሩ ወይስ ሌላ ብላ የጠየቀች ጎረቤት ነበረች። ማምላካት የመለሰችላት፣ አካ ቂማትሾ፣ ጋሼ እንደማለት ነው፣ ሲያነጥስ እንኳ ስህተት እንደሚያገኝ ብቻ ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ፕሮግራሙን ሁለቱም በየራሳቸው ማሽን ኮምፓይል ያደርጉታል። ከዚያ ከማዶ ጠረጴዛ «ያንቺ ስንት መጣ?» ይላታል። ቁጥሩ ከገጠመ ሻይ ይጠጣል፤ ጨው ያለው የወተት ሻይ፣ ቂጣ ተቆራርሶበት። ካልገጠመ ልዩነቱ እስኪገኝ ማንም አይጠጣም። ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደርም በሁለቱም ማሽን ላይ በእሱ ስም ነበር፣ ሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ። እንዲህ አድርጊ ያላት እሱ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በጥር፣ ከቤቱ ወደ ቢሮ ሲመጣ ድልድዩ ላይ ልቡ ቆመ። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው መጣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፤ እሷም ወደ ሥራዋ፣ ወደዚያችው ክፍል። በእሱ ቦታ የሚተካ ሰው ለጊዜው አይኖርም ተባለ። ይህ «ለጊዜው» አምስት ዓመት ሆነው። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ቁጥሩን ለራሷ ታነባለች፣ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፣ ሻዩንም የገጠመ እንደሆነ ቆጥራ ትጠጣዋለች።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ኖውሩዝ የሚሉት የአዲስ ዓመት በዓል ባለፈ ሳምንት፣ ሃያኛው እትም መጣ። በዐሥራ ዘጠነኛው 195,960 የነበረው ፕሮግራም በሃያኛው 198,004 ሆነ። በአሮጌዎቹ ሳጥኖች ልክ ሲታይ 1,396 ባይት ተርፎ ይፈሳል።

ከእትሙ ጋር የመጣው ማስታወሻ ስለዚህ የሚለው ሁለት መስመር ነው። በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ላይ አንድ በመቶ ገደማ የመጠን ጭማሪ ሊታይ ይችላል፣ በተግባር የሚያሳስብ አይደለም ይላል። ማንን ነው የማያሳስበው? ይህን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚጎዳውን አስቦ ነው የሚጎዳው። ይሄ ግን አላሰበም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሽን ሰፊ ስለሆነ የሁሉም ሰው ማሽን ሰፊ መሰለው። ይህንንም ስንፍና «አብዛኞቹ» በምትል ቃል ሸፈናት። ከአብዛኞቹ ውጭ ያሉት የት እንደሚኖሩ የጠየቀው የለም።

በዚሁ ሰሞን ዱሻንቤ ካለው ዋና ቢሮ ባህማንዮር ደወለ። አለቃዋ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስልክ ላይ ሲያወራ ደረጃ ይወጣል። የሳጥኖቹን መልእክት የሚቀበለው ማዕከል ከግንቦት አንድ ጀምሮ የመልእክት ቁልፉን ይቀይራል አላት። አዲሱን ቁልፍ የሚያውቀው አዲሱ እትም ብቻ ነው። በአሮጌው እትም የቀረ ሳጥን ከማዕከሉ ጋር አይነጋገርም፣ ስለዚህ ይዘጋል።

አሮጌዎቹ ላይ እንደማይገባ ነገረችው።

«አፓ ማምላካት፣ ሃያ ስምንቱ ከገቡ'ኮ ዘጠና በመቶ ነው» አላት፣ አፓ እትዬ እንደማለት ነው። «ዘጠና በመቶ ለሪፖርት ድንቅ ነው።»

«ሦስቱስ?»

«እናጠፋቸዋለና። አሮጌ ናቸው አፓ። እንደነሱ ያለ ሳጥን አሁን የሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ነው።»

«ሙዚየም ውስጥ ጭቃ አይወርድም።»

ሳቀ። ሳቁ የክፋት አልነበረም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ ሰጣት፤ ካስገባችው ገባ፣ ካላስገባችው ሦስቱ መንደሮች ያለ ሳጥን ይከርማሉ።

ማምላካት መቁረጥ ጀመረች። ፕሮግራም መቁረጥ ከወፍራም ሰው ላይ ጮማ እንደማንሣት የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ይህ ፕሮግራም ዐሥር ዓመት ሙሉ ሲላጭ የኖረ ነው፤ የቀረው አጥንት ነው። «አበቃ» የሚለውን ድምፅ አወጣችው። ሰው ጭቃው ማለፉን በዓይኑ ያያል ብላ ራሷን አሳመነች። ሦስት መቶ ባይት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አንድም አልተገኘም። የኮምፓይለሩ ሰዎች የሚነጋገሩበት ገጽ ላይ ገብታ፣ ዓረፍተ ነገሩን አምስት ጊዜ አስተካክላ፣ ሳጥኖቿን ዘርዝራ ይህ ጭማሪ ከየት መጣ፣ መቀነሻ መንገድ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አንድ መልስ መጣላት። ዛሬ ዘመን ማን ነው እንዲህ ያለ ሳጥን የሚጠቀመው ይላል፣ ከአጠገቡ የሚስቅ ፊት አለበት። ዐሥራ ሰባት ሰው ወዶታል። ከዐሥራ ሰባቱ አንዱ እንኳ «ቆይ፣ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጠገቡ ተጽፎለት ነበር።

የቀረው ሊቆረጥ የሚችል ነገር «ተዘጋጁ» ነው። አራት ቀን ፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ሐሙስ ቀን፣ ቺሽምዳራ ላለው ለሸካርማማድ ደወለች።

ቺሽምዳራ የመጨረሻው መንደር ነው። ሸካርማማድ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ የሳጥኑ ጠባቂ ነው። ከፀሐይ ሰሌዳው ላይ በረዶ ይጠርጋል፣ ሽቦውን ከፍየል ይጠብቃል። የስልክ መስመር የሚያገኘው ምሰሶው ሥር ብቻ ስለሆነ በየሐሙሱ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ሳጥኑ ደህና ነው ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ እሱ አርባ ደቂቃ ያወራል። እሷም አትቸኩልም፤ በሳምንት ውስጥ ረዥሙ ወሬዋ ይሄ ነው።

የመጀመሪያውን ድምፅ ልታጠፋው እንደሆነ ነገረችው።

«የቱን? ያን ዶሮ ሲያንቋት ዓይነት የሚጮኸውን?»

«አዎ አካ። ‹ተዘጋጁ› የሚለውን። ቦታ አልበቃኝም።»

«ምን ማለትሽ ነው ሙዓሊማ? ሳጥኑ'ኮ ሰፊ ነው። ትናንት ድመት ላዩ ላይ ተዘርራ ተኝታ ነበር።»

«ውስጡ ነው የሞላው።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ከሩቅ አንዲት አህያ ትሰማለች።

«እንግዲህ የሚቀረው ረዥሙ ነዋ» አለ።

«አዎ።»

«ከረዥሙ እስከ ጭቃው ዘጠኝ ደቂቃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ታውቃለች፣ እሷ ናት የለካችው። ሚስቱ ጉልሱም ግማሽ አካሏ ከተያዘ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሸካርማማድ እሷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አህያ ላይ አስሮ፣ እየደገፈ ላይኛው እርሻ ድረስ ያወጣታል። አምና በሰኔ «ተዘጋጁ» ሲል ጀምሮ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ረዥሙ ድምፅ ሲጮኽ እርሻው ላይ ነበሩ።

«ሃያ ሁለት ደቂቃ የፈጀብኝም አህያዋ ወጣት ሳለች ነው» አለ ሸካርማማድ። «አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እኔና አህያዋን ማለቴ ነው፣ ጉልሱም እንዳትሰማ።»

ማምላካት ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። እሱም ግንቦት ሲገባ ላይኛው እርሻ ላይ ድንኳን ተክለን ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚያው እናድራለን አላት። ጉልሱም የሌሊቱን ብርድ እንደማትችለው ሁለቱም ያውቁታል። እሱም «አትችለውም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ሌላ ምን ወሬ አለ አላት።

«ተዘጋጁ» ተቆረጠ። ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሁለት ባይት ወጣ። ኮምፓይል አደረገችው፦ 196,792። አሁንም መቶ ሰማንያ አራት ባይት ይተርፋል።

መቶ ሰማንያ አራት ባይት ምን ያህል እንደሆነ ላሳያችሁ። ይህ አንቀጽ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። የሰውየውን ሃያ ሁለት ደቂቃ ወስዳ፣ ሳጥኑም አልዳነም። መልሳ አልደወለችለትም። ምን ትለዋለች? በሚቀጥለው ሐሙስ ራሱ ሲደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጥሪው እስኪያበቃ አየችው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሐሙስን ያሳለፈችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሞስኮ ያለችው እህቷ በዚያ ሳምንት ደውላ ድምፅሽ ምን ሆነ ብትላት፣ ልትነግራት ጀምራ ተወችው። ባይት ምን እንደሆነ፣ ኮምፓይለር ምን እንደሆነ፣ እትም ምን እንደሆነ አስረድታ እስክትጨርስ ያናደዳት ነገር ራሱ ይቀዘቅዛል። ጉንፋን ነው አለቻት።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኗ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ተቃጠለ። የቃጠሎ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው የነደደው፤ መለዋወጫው ከዱሻንቤ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፣ ሳምንት ደግሞ የላትም። የቂማትሾ ማሽን ከሁለት ዓመት በፊት ሞቷል። የእህቷ ልጅ የላከላትን ትንሽ ላፕቶፕ ከቤቷ አመጣች፤ የተጠቀመችበት ለፎቶ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙን ከፍላሽ ገለበጠችበት፣ ኮምፓይለሩን ጫነችበት። ፎልደር ስትከፍት እጇ እንደልማዱ የቂማትሾን ስም ሊጽፍ ሄደ። ከማን ጋር ላስተያየው ብላ ተወችውና ሳንዱቅ ብላ ጻፈችው። በእነሱ ፊደል ስድስት ናት።

ኮምፓይል አደረገች። 194,472።

አልተደሰተችም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ያው ጽሑፍ፣ ያው እትም፣ ሁለት መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ የመጣላት አንድ ፋይል ሳልገለብጥ ቀርቻለሁ የሚል ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ልክ ናቸው። ደግማ ሠራችው። 194,472። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ባይት የት ገባ?

የድሮው ማሽን የሠራውን ከፍላሹ አውጥታ፣ አዲሱን ከጎኑ አድርጋ፣ ሁለቱንም ባይት በባይት ከፈተቻቸው። የማሽን ቋንቋ ለሰው ዓይን ዝባዝንኬ ነው። በዝባዝንኬው መሃል ግን፣ በድሮው ላይ፣ የሚነበብ ነገር አለ። ቂማትሾ። ወረድ ብላ ታያለች፣ ቂማትሾ። ሙሉ ስሙ፣ ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ፣ አርባ ስድስት ፊደል። ቆጠረችው። ሃምሳ ስምንት ጊዜ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ከዐሥር ዓመት በፊት፣ ይህን የፕሮግራም ቋንቋ በጀመሩበት ሳምንት፣ ቁጥራቸው አልገጥም ብሎ ነበር፤ የእሱ ከእሷ በዘጠና ስምንት ባይት በልጦ። እስከ ቀትር ሻይ ሳይጠጡ ፈልገው እሱ አገኘው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ሊሰናከል የሚችልበትን ቦታ ሁሉ ሲያሰናዳ፣ «እዚህ ፋይል ላይ ወደቅሁ» ብሎ እንዲናገር የፋይሉን አድራሻ ከነፎልደሩ ይጽፍበታል። በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ቦታ ነበር የሚጽፈው፤ የእሱ ፎልደር ስም ከእሷ በሰባት ፊደል ይረዝም ነበር። ያንቺም በኔ ስም ይሁን፣ ፊደል በፊደል፣ ያኔ ይገጥማል አላት። ሆነ። ገጠመ። ሻይ ጠጡ። እሷ ሕጉን ያዘች፣ ምክንያቱን ረሳችው። ምክንያቱን የሚያስታውሰው ሰው ፊት ለፊቷ ስለተቀመጠ መያዝ አላስፈለጋትም። ሃያኛው እትም ደግሞ መሰናከያዎቹን አበዛና ዐሥራ አራቱን ቦታ ሃምሳ ስምንት አደረጋቸው። ሁለት ሺህ ባይቱ ጭማሪ ማለት ይቺው ናት።

ቁጭ ብላ ቀረች። በመሥሪያ ቤቱ ስሙን የሚያነሣ ከጠፋ አራት ዓመት አልፏል። ባህማንዮር አያውቀውም። ሳጥኖቹ ግን ይዘውት ነበር። በሠላሳ አንድ ምሰሶ ላይ፣ በበረዶ ውስጥ፣ ማንም ሳያነበው፣ ዐሥር ዓመት። እሷም ሳታውቀው በየእትሙ መልሳ መልሳ ስትልከው ኖራለች።

ከዚያ ተነሣች። ሸካርማማድ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያስፈልገዋል። «ተዘጋጁ»ን መለሰችው። «አበቃ»ንም መለሰችው። ፎልደሩ ሳንዱቅ እንደሆነ ኮምፓይል አደረገች፦ 195,684። ገባ፤ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ባይትም ተረፈ። የእሱን ስም አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ብቻ ላስቀምጥለት ብላ እጇን ዘረጋች። አርባ ስድስት ባይት ናት። መለሰችው። የተረፈችው ቦታ የመጪው እትም ምሳ እንደሆነች ታውቃለች፤ ከዚያ ላይ ለሙት ማካፈል አልሆነላትም።

ያደረገችው ሌላ ነገር ነው። ኮምፓይለሩ የሚዘለው፣ ባይት የማይበላ፣ ለሰው ዓይን ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ አለ። ከፕሮግራሙ አናት ላይ ጻፈችው፦ ፎልደሩ አጭር ይሁን፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱን ያገኘው ቂማትሾ ነው፣ እኔ ረስቼው ሦስት ሳምንት ጠፋ። «ለሚቀጥለው ሰው» ብላ ጀምራ ነበር። አየችውና ሳትሰርዘው ተወችው። የሚቀጥል ሰው ግን የለም።

ባህማንዮር በማግሥቱ ሰማ።

«ምን አድርገው አስገቡት አፓ?»

«የፎልደሩን ስም አሳጠርኩ።»

ደረጃ መውጣቱን አቆመ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፎልደር ስም?»

«ሁለት ሰው ብንሆን እስከ ምሳ ያልቅ ነበር» አለችው። «ሌላው ሰው በራሱ ፎልደር ሲሠራው ቁጥራችን ይለያይና ይታይ ነበር። ማሽኔ ባይቃጠል እኮ ሦስቱን መንደር ለፎልደር ስም ብለን ልንዘጋቸው ነበር ባህማንዮር። ይሄ አይገባህም?»

ገባው መሰለ። ማስታወቂያ አውጥተናል'ኮ አፓ አላት፣ አራት ወር ሆነው። እውነቱን ነው። አንድ ሰው አላመለከተም። ሥራውን የሚችሉት ሞስኮ ናቸው፣ ሌሎቹም ከዚያ ርቀው ሄደዋል። በሦስት ሺህ ሶሞኒ ደመወዝ ተመልሰው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ አይቀመጡም፤ ልትወቅሳቸውም አትችልም። አምስት ዓመት ሙሉ ቦታውን ባዶ አድርጎ «ለጊዜው» ያለውን ግን መውቀስ ይቻላል፤ ሠላሳ አንድ መንደር በአንዲት ሴት ማስታወስ ላይ አንጠልጥሎ በየዓመቱ ለታማኝ አገልግሎቷ የምስጋና ወረቀት የሚልክላትን።

ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ አዲሱን ወደ ሦስቱ ሳጥኖች ላከችው። በሐሙሱ ራሷ ደወለች። ባለፈው ለምን አላነሣሽም ብሎ ይቆጣል ብላ ነበር።

«ዶሮዋ ተመልሳ ታነቀች» አላት ሸካርማማድ። ሳጥኑን ሞክሮታል። ጉልሱም ድምፁን ከአልጋዋ ሰምታ አህያዋን ጫን ብላዋለች፤ ሙከራ ነው እያላት እንኳ አላመነችውም። «ቦታውን ከየት አመጣሽው?»

«የአካ ቂማትሾ ስም ውስጡ ነበር። እሱን አወጣሁት።»

«ያ ምሰሶውን ያቆመው? ጉድጓዱን በልኩ አልቆፈርክም ብሎ ሦስት ጊዜ ያስቆፈረኝ?»

«እሱ።»

ሸካርማማድ ትንሽ አሰበ። «ይውጣ፣ ግድ የለውም» አለ። «አንቺ ግን ያን ሐሙስ አላነሣሽም። እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ነበር። ሳጥኑ አይገባም ልትይኝ አፍረሽ ከሆነ፣ አይገባም በይኝና አብረን እንፈር። ብቻሽን ለምን ታፍሪያለሽ?»

አርባ ደቂቃ አወሩ። ስልኩን ስታስቀምጥ ክፍሉ እንደ ቀድሞው ነበር። 195,684ን ወረቀቱ ላይ ጻፈችና ተነሥታ አነበበችው፣ ድምፅ አውጥታ። የመለሰ የለም።

ሃያ አንደኛው እትም በመስከረም ይመጣል፤ ማስታወሻው ውስጥም «አብዛኞቹ» የምትለው ቃል ትኖራለች። እንግዲህ አንባቢ፣ አንተ ባለህበትም እንዲህ ያለ ሰው አለ። ብዙ ሰው ተማምኖ የሚተኛበትን ሥራ ብቻውን ይዞ የተቀመጠ፣ ጎበዝ ነው፣ እርዳታ አያስፈልገውም ብለህ የተውከው። ስሙን ታውቀዋለህ፣ አሁን ስታነብ መጥቶብሃል። ይህን ገጽ ከማጠፍህ በፊት ደውልለት። የሠራኸውን ላክልኝ፣ እኔም አንድ ጊዜ ልሥራውና መልሳችንን እናስተያይ በለው።